የእርማት ሰንሰለት፦ ከዜማ ቤት እስከ ኢስት ኮልፋክስ

የኮልፋክስ ጎዳና ዴንቨርን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሰንጥቆ ያልፍና ዮሴሚቲ የተባለውን መንገድ ሲሻገር፣ ስሙን ሳይለውጥ ከተማውን ለውጦ አውሮራ ይገባል። በዚህ በምሥራቁ ክፍል፣ በአሮጌ ሞቴሎችና በመኪና ጋራዦች መካከል፣ የአማርኛ ፊደል ያለባቸው ሰሌዳዎች ብቅ ብቅ ይላሉ፤ እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ቡና የሚፈላበት ቤት፣ ገንዘብ ወደ አገር ቤት የሚላክበት መስኮት። ከእነዚህ ቤቶች ወደ አንዱ የገባ ሰው፣ ከአክሱም ሐውልት ሥዕልና ከመሶብ ጎን ክራር ተሰቅሎ ቢያይ አይደነቅም። ቀረብ ብሎ ቢነካው ግን ብዙውን ጊዜ ክሮቹ ላልተዋል። ክራሩ የተሰቀለው እንዲታይ እንጂ እንዲሰማ አይደለም።

እዚያው አካባቢ ባለ አንድ አፓርታማ ደግሞ የአሥር ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ያመጣውን ዩኩሌሌ ታቅፎ ተቀምጧል እንበል። በአሜሪካ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይህች አራት ክር ያላት ትንሽ መሣሪያ የሙዚቃ ክፍል መማሪያ መሆኗ እየተለመደ መጥቷል። ልጁ በሳምንቱ መጨረሻ አንድ መዝሙር ሳይደናቀፍ ይጫወታል፤ አባቱ ግን ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣውን ክራር ከሰቀለው ዓመታት አልፈዋል።

ለምን አንዱ ይሰማል፣ ሌላው ይሰቀላል? የተለመደው መልስ ሦስት ነው፦ ጊዜ የለም፣ ፍላጎት የለም፣ ልጆቹ ባህላቸውን ረስተዋል። ሦስቱም ከፊል እውነት አላቸው። ነገር ግን የሙዚቃ መሣሪያዎቻችን ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደተሻገሩ ታሪኩን የመረመረ ሰው አራተኛ መልስ ያገኛል። ዩኩሌሌውን የሚጫወተውን ልጅ በየሳምንቱ የሚያዳምጠው፣ ጣቱን አይቶ «እዚህ ጋ ተሳስተሃል» የሚለው ሰው አለ። ክራሩን የያዘው አባት ግን ማንም አያዳምጠውም። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብም ይኸው ነው፤ አንድ መሣሪያ በሕይወት የሚኖረው በእንጨቱ፣ በክሩ ወይም በተቀዳው ድምፁ ሳይሆን ባልተቋረጠ የእርማት ሰንሰለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ትሉና መምህሩ

ስለ ልምምድ ስናወራ የምንጠቅሰው አንድ ታሪክ አለን። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት መሠረት ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም ይኖር ነበር። በልጅነቱ ትምህርት አልገባ ብሎት፣ መምህሩ የሆነው አጎቱ አባ ጌዴዎን ስለገረፈው ሸሸ። በመንገድ ላይ ከዛፍ ሥር አረፍ ብሎ ሳለ አንዲት ትል ግንዱን ልትወጣ ስትሞክር፣ ደጋግማ ስትወድቅ፣ በመጨረሻም ከላይ ደርሳ ፍሬውን ስትበላ አየ። ከትሏ ጽናትን ተማረ፤ ድጓውን የደረሰ፣ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ስልቶች ያወጣ ሊቅም ሆነ።

ታሪኩ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ በየምረቃው ንግግር ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ከትሏ ላይ ይቆማል። ትምህርቱም «ሞክር፣ ደግመህ ሞክር» የሚል ይሆናል። ትውፊቱ ግን ከዚያ አያበቃም። ያሬድ ትሏን ካየ በኋላ በዛፉ ሥር ተቀምጦ ብቻውን አላጠናም፤ ተነሥቶ ወደሸሸው መምህሩ ተመለሰ፣ ይቅርታም ጠየቀ፣ ትምህርቱንም ከእርሱ ዘንድ ቀጠለ። ትሏ ብቻዋን መውጣት ትችላለች፤ ዛፉ ራሱ አራሚዋ ነውና። እግሯን ያላግባብ ካሳረፈች ትወድቃለች፣ መውደቋንም ወዲያው ታውቃለች። ዜማ የሚማር ልጅ ግን ሲሳሳት አይወድቅም። ስሕተቱ ለራሱ ጆሮ ልክ ሆኖ ይሰማዋል፤ በደገመው ቁጥርም ይበልጥ ልክ ይመስለዋል። ያሬድን ከትሏ የሚለየው ይህ ነው፤ መመለስ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

የዜማ ቤት ሥርዓት የተገነባው ይህን ችግር ለመፍታት ነው ማለት ይቻላል። ተማሪው ከመምህሩ አፍ ይቀበላል፤ በልቡ ይዞ ያጠናል፤ ከዚያ ከፍ ያለ ደረጃ ላይ ለደረሰ ተማሪ ያሰማል፤ በመጨረሻም መርጌታው ፊት ቀርቦ ይመዘናል። ትውፊቱ እንደሚለው በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማውን ምልክቶች ሥርዓት አስያዙ። ዜማው በጽሑፍ ምልክት ካገኘ በኋላ መምህሩ ትርፍ ይሆናል ብሎ የሚገምት ይኖር ይሆናል። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ምልክቱ ቀድሞ ለሚያውቅ ሰው ማስታወሻ እንጂ ለማያውቅ ሰው አስተማሪ አልሆነም፤ ድጓ የጨረሰ ተማሪ ዛሬም ለማስመስከር ወደ ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል። መጽሐፉ በእጁ እያለ የሚሄደው፣ መጽሐፉ ስለማይሰማው ነው።

የእጅ ትምህርት

ከዜማ ቤት ወደ ክራር ስንሻገር ሌላ ዓለም ውስጥ እንገባለን። በገና የንጉሥ ዳዊት ዕቃ ተብሎ በካህናትና በመኳንንት ቤት ሲከበር፣ ክራር የጠጅ ቤትና የፍቅር ዘፈን ጓደኛ ሆኖ ኖረ። የሙዚቃ ሊቁ አሸናፊ ከበደ በ1977 ባሳተሙት ጥናት ክራርን በርዕሱ «የሰይጣን መሣሪያ» ብለው የጠሩት ይህን የቆየ አመለካከት ለማሳየት ነው። ስለዚህም ክራር እንደ ድጓ የተደራጀ ጉባኤ ቤት አልነበረውም። ይህ ማለት ግን እርማት አልነበረውም ማለት አይደለም። እጁ የሚማረውን ቀረብ ብለን ብንመለከት ያለ እርማት መማር ለምን እንደሚያስቸግር እንረዳለን።

ክራር በተለምዶ ስድስት ክር አለው። አምስቱ የቅኝቱን አምስት ድምፆች ይይዛሉ፤ ስድስተኛው ከመካከላቸው አንዱን ከፍ ወይም ዝቅ አድርጎ ይደግማል። ዩኩሌሌና ጊታር አንገት አላቸው፤ ግራ እጅ ክሩን አንገቱ ላይ ይጫናል፣ በዚህም ከአንድ ክር ብዙ ድምፅ ይወጣል። ክራር አንገት የለውም። እያንዳንዱ ክር የሚሰጠው የተቃኘበትን አንድ ድምፅ ነው። በድርደራ ጊዜ የግራ እጅ ጣቶች ክሮቹን አንድ በአንድ ይነካሉ። በግርፍ ጊዜ ደግሞ ቀኝ እጅ ክሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገርፋል፤ ግራ እጅ ከኋላ ሆኖ የማይፈለጉትን ክሮች ያፍናል፣ የሚፈለገውን ብቻ ይለቃል። እንግዲህ ዩኩሌሌ የለመደ ልጅ ክራር ሲይዝ እጁ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ይገለበጥበታል፤ በዩኩሌሌ ጣቱን ሲጭን ድምፅ ይወጣ ነበር፣ በክራር ግን ድምፅ የሚወጣው ጣቱን ሲያነሣ ነው።

ጀማሪ የሚሳሳተውም እዚሁ ላይ ነው። ጣቱን አዘግይቶ ያነሣል፣ ወይም ክሩን በግማሽ አፍኖ ይተዋል፤ የታፈነው ክርም ደብዛዛ ድምፅ ይሰጣል። ተጫዋቹ ዜማውን በልቡ እያንጎራጎረ ስለሆነ የሚሰማው በልቡ ያለው ዜማ ነው። ከፊቱ የተቀመጠው መምህር ግን የሚሰማው ከክራሩ የሚወጣውን ብቻ ነው። ሁለቱ ጆሮዎች የሚለያዩት በዚህ ነው። በዚያ ላይ ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ወይም ወደ አንቺ ሆዬ ለመሻገር ክሮቹን እንደገና መቃኘት ያስፈልጋል። በዩኩሌሌ አንገት ላይ ያሉት የብረት ክፍፍሎች የድምፆቹን ርቀት አስቀድመው ወስነውለታል፤ ክራር ግን ርቀቱን ከተጫዋቹ ጆሮ ይጠብቃል። ጆሮው ካልታረመ ክራሩ አይቃኝም።

መሰንቆ ከዚህም ይብሳል። አንድ የፈረስ ጭራ ክር፣ ጣት የሚያርፍበትን ቦታ የሚያመለክት አንዳች ነገር የሌለው። ጣት በትንሹ ከተንሸራተተ ድምፁ ሌላ ነው። ጎንደር አጠገብ እንደ ቡርቧክስ ባሉ የአዝማሪ መንደሮች ይህ ጥበብ በቤተሰብ ውስጥ ሲተላለፍ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ ከአባቱና ከእናቱ ጎን ሆኖ ሲገዘግዝ ይውላል፤ ስሕተቱ ሥር ሳይሰድ በዚያው ቅጽበት ይታረማል። ከዚያ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው አራሚ ይመጣል፤ ግጥም የሚሰጠው፣ የሚያሞግሰው፣ ካልጣመውም ፊቱን የሚያዞረው አድማጭ። ስለ ታላላቅ ተጫዋቾች «ማንም ሳያስተምራቸው ራሳቸውን አስተማሩ» ሲባል እንሰማለን። ምናልባት መምህር አልነበራቸውም፤ ቅኝት የሚያውቅ፣ የተሰበረ ዜማ ሲሰማ የሚያጉረመርም ቤት ሙሉ ሰው ግን ነበራቸው። ኮልፋክስ ላይ ብቻውን ከሥራ በኋላ ክራር የሚያነሣ ሰው ይህ ሁለተኛው አራሚም የለውም።

ሰንሰለቱ የሳሳበት፣ ሰንሰለቱ የተቀጠለበት

ያለፈው መቶ ዘመን አጋማሽ ለዚህ የእርማት ሥርዓት የፈተናም የፈጠራም ጊዜ ነበር። በ1963 ግብፃዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብህ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንት፣ በገና፣ እምቢልታና ሌሎችም ከየአካባቢያቸው መጥተው በአንድ መድረክ ተሰበሰቡ። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ተጫዋች መሣሪያውን ለራሱ ድምፅ እንዲስማማ አድርጎ ሲቃኝ የኖረ ነው። አብሮ መጫወት ማለት ግን ከሌላው ጋር መቃኘት፣ የሌላውን ጆሮ መቀበል ማለት ሆነ። የእርማት ሥርዓቱ ከመምህርና ከደቀ መዝሙር ግንኙነት ወጥቶ የእኩዮች ጉዳይ ሆነ። በኋላ ኦርኬስትራውን የመሩት ተስፋዬ ለማ ወደ አሜሪካ ከተሰደዱ በኋላም ይህን ቅርስ ሲሰበስቡ ኖረዋል፤ ክምችታቸው ዛሬ በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይገኛል።

ከዚሁ ኦርኬስትራ ጋር የተያያዘ፣ ለኮልፋክስ ልጆች ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ታሪክ አለ። ቻርልስ ሳተን የተባለ አሜሪካዊ ወጣት በ1966 በሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛነት ወደ ኢትዮጵያ መጣ። የኦርኬስትራው መሰንቆ ተጫዋች ከነበሩት ከጌታመሳይ አበበ ዘንድ መሰንቆ ተማረ፤ በአማርኛ እየዘፈነም ከኦርኬስትራው ጋር መድረክ ላይ ወጣ። በ1969 የቡድኑ አባላት «ብሉ ናይል ግሩፕ» በሚል ስም አሜሪካን ሲዞሩና በዘመኑ ዝነኛ በነበረው በኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ሲቀርቡ እርሱም አብሮ ነበር። ይህ ሰው በመሰንቆ ቤት አልተወለደም፤ ቋንቋው አማርኛ አልነበረም፤ በደሙ ውስጥ ቅኝት አልነበረም። የነበረው ጌታመሳይ አበበ ነው። «ባህል በደም ነው» የሚለው አባባል ለውጭ አገር ለተወለዱ ልጆቻችን መጽናኛ ተብሎ ይነገራል፤ ነገር ግን ሸክምም ነው። ልጁ ክራሩ እምቢ ሲለው «ደሜ ውስጥ የለም ማለት ነው» ብሎ ሊደመድም ይችላልና። የሳተን ታሪክ ይህን ሸክም ያቀልላል። የሚያስፈልገው ጥሩ ጆሮ ያለው፣ በየጊዜው የሚያዳምጥ መምህር ነው።

ሰንሰለቱ በአንድ ሰው ላይ ሊንጠለጠል እንደሚችልም የበገና ታሪክ ያሳየናል። መምህር ዓለሙ አጋ በ1950 በእንጦጦ ተወለዱ። በ12 ዓመታቸው፣ ጎረቤታቸው ከነበሩት ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል በገና መማር ጀመሩ። ከ1972 ጀምሮ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ። ብዙም ሳይቆይ አብዮቱ መጣ፤ የጸሎትና የጾም መሣሪያ የሆነው በገና ከአዲሱ አገዛዝ ርዕዮተ ዓለም ጋር የሚስማማ አልነበረም። የመምህሩም የማስተማር ሥራ በ1980 አበቃ። መሣሪያው አልጠፋም፤ በየቤቱ፣ በየቤተ መዘክሩ ነበረ። የሳሳው የሚያርመው ሰው ነው።

በገና አሥር አውታር አለው፤ ሁሉም ግን አይደረደሩም፣ ከፊሎቹ ጣት ነክቶ የሚያርፍባቸው ናቸው። ያ ልብን የሚያርደው ነዛሪ ድምፅ የሚወጣው በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መካከል ከምትገባ እንዝራ ከምትባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ነው። እንዝራዋ ጥቂት ወዲህ ወይም ወዲያ ካለች ድምፁ ወይ ይደርቃል ወይ ይጮኻል። ትክክለኛው ቦታ በቃል ሊገለጽ አይችልም፤ መምህሩ በእጁ አስተካክሎ «ይኸው፣ ይህን ስማ» ማለት አለበት። ይህን የሚሉ ሰዎች ቁጥር ሲመነምን መሣሪያው በቤተ መዘክር ውስጥ እንደቆመ ይሞታል። ከ1991 በኋላ በገና በሰንበት ትምህርት ቤቶችና በግል መምህራን ዘንድ እንደገና ሲያንሠራራ፣ የተቀጣጠለው በእነዚያ የጨለማ ዓመታት እጃቸውን ባላጠፉ ጥቂት ሰዎች ነው። የመምህር ዓለሙ በገና «ኤትዮፒክስ» በተባለው የፈረንሳይ የሙዚቃ ዝርዝር 11ኛ ቅጽ ሆኖ ወጥቶ ዓለም ሰምቶታል። ነገር ግን ለእኛ ከዚያ የሚበልጠው ሥራቸው ያስተማሯቸው ተማሪዎች ናቸው።

ከኮልፋክስ አጠገብ የተገኘ ማስረጃ

እስካሁን የተናገርነው ከትውፊትና ከታሪክ ነው። ዘመናዊ ጥናትስ ምን ይላል? ስለ ልምምድ በዓለም ላይ እጅግ የታወቀውን ጥናት የመራው ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ አንደርስ ኤሪክሰን፣ እስከ 1992 ድረስ ያስተምር የነበረው ከኮልፋክስ በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ባለው በቦልደር፣ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1993 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት በበርሊን የሙዚቃ አካዳሚ ያሉ የቫዮሊን ተማሪዎችን መርምሮ፣ ምርጥ የተባሉት እስከ 20 ዓመታቸው ድረስ በአማካይ ከ10,000 ሰዓት በላይ ብቻቸውን እንደተለማመዱ አገኘ።

ማልኮም ግላድዌል በ2008 ባሳተመው መጽሐፍ ይህ ቁጥር «የ10,000 ሰዓት ሕግ» ሆኖ ዓለምን ዞረ። ኤሪክሰን ግን በዚህ አልተደሰተም። ሰዓት መቁጠር ዋናውን ነገር ይሰውራል ብሎ ተከራከረ። የእርሱ ግኝት ሰዓቱ እንዴት እንደዋለ የሚመለከት ነበር፤ መምህር የነደፈው፣ የተማሪውን አቅም በጥቂቱ የሚያልፍ፣ ስሕተቱን ወዲያው የሚያሳውቅና እያረመ የሚያስደግም ልምምድ። ያለዚህ የሚደረግ ድግግሞሽ ሰውን የሚያደርሰው ከ«ይበቃል» ደረጃ ነው፤ ከዚያ በላይ አያሻግርም። ለዜማ ቤት ተማሪ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ከመምህሩ ተቀብሎ ብቻውን ሲያጠና ያድራል፤ ያጠናውን ሊያሰማ ደግሞ ማለዳ ይመለሳል። ዓለም ከኤሪክሰን የወሰደው ሌሊቱን ነው፣ ማለዳውን ግን ረሳ። እኛም የያሬድን ትል ወስደን መምህሩን እንደረሳነው ማለት ነው።

ዩኩሌሌ ራሷም ይህንኑ ትመሰክራለች። በ1879 ከፖርቱጋል የማዴይራ ደሴት የተነሡ ስደተኞች ራቨንስክራግ በተባለች መርከብ ሆኖሉሉ ሲደርሱ ይዘዋት የመጡት ትንሽ ጊታር፣ በሃዋይ ምድር ተለውጣ ዩኩሌሌ ሆነች። የስደተኞች መሣሪያ ነበረች ማለት ነው። በ1906 ኧርነስት ካአይ የመማሪያ መጽሐፍ አወጣላት፤ በ1915 በሳን ፍራንሲስኮው ዓለም አቀፍ ትርኢት አሜሪካ ወደዳት። ፋሽኑ ግን መጣ፣ ሄደ። በ1960ዎቹ መጨረሻ ካናዳዊው መምህር ቻልመርስ ዶን በሃሊፋክስ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሥርዓት ባለው ትምህርት ሲያስገባት ግን ከፋሽን ወጥታ በቋሚ መምህራን እጅ የምትተላለፍ መሣሪያ ሆነች።

ዴንቨርም የራሷ ምሳሌ አላት። ሃሪ ተፍት በ1962 ከኮልፋክስ ሁለት መንገድ ብቻ ራቅ ብሎ በ17ኛው ጎዳና ላይ የሕዝብ ሙዚቃ መሣሪያ የሚሸጥበትን «ዴንቨር ፎክሎር ሴንተር» ከፈተ። በ1979 ከዚያው ጅምር «ስዋሎው ሂል» የተባለው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተወለደ፤ ዛሬም ጊታር፣ ባንጆና ዩኩሌሌ ያስተምራል። ከሱቅ ወደ ትምህርት ቤት የተደረገው ይህ ሽግግር ልብ ሊባል ይገባዋል። መሣሪያ መሸጥ ብቻውን ተጫዋች አያፈራም፤ የገዛው ሰው በየሳምንቱ ተመልሶ የሚሰማበት ክፍል ያስፈልጋል።

ካሴት፣ ቪዲዮ፣ ጥሪ

ከአገር የወጣው ትውልድ ይዞት የወጣው መምህር ካሴት ነበር። የካሳ ተሰማን ወይም የአስናቀች ወርቁን ክራር ደጋግሞ እየሰሙ፣ እያቆሙ፣ እየመለሱ መማር የብዙ ስደተኞች ልምድ ነው። ካሴት ውለታው ብዙ ነው፤ የት መድረስ እንዳለብን አሳይቶናል። ጉድለቱ ግን አንድና መሠረታዊ ነው፤ ካሴት ያሰማል እንጂ አይሰማም። ካሴቱን በዩቲዩብ ብንተካው ጣትንም ማየት እንችላለን፣ ይህ ትልቅ እርምጃ ነው፤ ሆኖም እኛ መምህሩን እናየዋለን እንጂ እርሱ እኛን አያየንም።

የቪዲዮ ጥሪ ግን ከሁለቱም ይለያል። በክረምት ወራት ኮልፋክስ ላይ ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ ለሁለቱም ወገን የሚመች ሰዓት። በጥሪ የሚማሩ ሰዎች ቅሬታቸው ድምፁ ዘግይቶ ስለሚደርስ ከመምህሩ ጋር አብሮ መጫወት አለመቻሉ ነው። ቅሬታው ልክ ነው፤ ነገር ግን አብሮ መጫወት የኦርኬስትራ መንገድ ነው። የዜማ ቤት መንገድ ተራ መጠበቅ ነው፤ መምህሩ ይሰጣል፣ ተማሪው ይቀበላል፣ ያሰማል፣ ይታረማል። ለዚህ የግማሽ ሴኮንድ መዘግየት ምንም አያደርገውም። ከሺህ ዓመት በላይ ያስቆጠረው ሥርዓታችን ለዚህ አዲስ መሣሪያ ከማንም ይልቅ የተዘጋጀ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጥንቃቄ የሚሻ ነገር ግን አለ። የጥሪ መተግበሪያዎች የሰው ንግግር እንዲያስተላልፉ፣ ሌላውን እንደ ሁካታ ቆጥረው እንዲያፍኑ የተሠሩ ናቸው። የበገና ነዛሪ ድምፅ፣ የግርፍ ክራር ሹክሹክታ በዚህ ማጣሪያ ሊታፈን ይችላል፤ መምህሩም የተማሪውን ትክክለኛ ድምፅ ሳይሰማ ያርማል። ስለዚህ የድምፅ ማጥሪያውን ከመተግበሪያው ቅንብር ማጥፋት ከመጀመሪያው ትምህርት በፊት መደረግ ያለበት ነው። ካሜራውም ፊትን ሳይሆን ግራ እጅን ማሳየት አለበት።

ደግሞም ሁሉንም የድሮ ነገር መልሰን እንትከል ማለት አይደለም። ያሬድ የሸሸው ስለተገረፈ መሆኑን አንዘንጋ። አለንጋው ስንት ያሬድን አሽሽቶ ሳይመልስ እንደቀረ ታሪክ አልመዘገበም። በፍርሃት የሚታረም ልጅ የሚማረው ስሕተቱን መደበቅ ነው፤ የተደበቀ ስሕተት ደግሞ አይታረምም። በሌላ በኩል፣ በስደት ላይ ያለን ወላጆች ልጁ አንዲት ዜማ በክራር ስለሞከረ ብቻ እልል ብለን እናጨበጭባለን። ጭብጨባውም ከፍቅር ነው፤ ግን እንደ አለንጋው ሁሉ ልጁ ምን እንዳጠፋ አይነግረውም። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ጠባብና ግልጽ ነው፤ «ሦስተኛውን ክር ዘግይተህ ለቀቅህ፤ አሁን ቀስ ብለህ አራት ጊዜ ድገምልኝ።» ስሙን ሳያጠፋ ስሕተቱን በስሙ የሚጠራ እርማት።

ከግድግዳው ማውረድ

ዴንቨርና አክሱም ከ1995 ጀምሮ እኅትማማች ከተሞች ናቸው። ስምምነቱ በወረቀት ላይ ነው፤ የያሬድ አገርና የኮልፋክስ ልጆች በእውነት የሚገናኙት ግን አንዱ ሌላውን ሲያርም ነው። የዚህ ጎዳና ነዋሪዎች ባለፉት አሠርት ዓመታት ሌሊት ታክሲ እየነዱ፣ በሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ እየሠሩ አብያተ ክርስቲያናትን፣ ምግብ ቤቶችን፣ ዕድሮችን ገንብተዋል። ልጆችን ለማስቀደስ፣ ፊደል ለማስቆጠር ጊዜ አግኝተዋል። እንግዲህ ጊዜ የለም የሚለው መልስ ሙሉ አይደለም። የጎደለው፣ ለክራርና ለበገና እንደ ፊደል ቆጠራው ሁሉ የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ወንበር፣ በወንበሩም ላይ የሚያዳምጥ ሰው መመደብ ነው። ያ ሰው ሊቅ መሆን የለበትም። በዜማ ቤትም ጀማሪውን በመጀመሪያ የሚያዳምጠው ከእርሱ ጥቂት ቀደም ያለው ተማሪ ነበር፤ ሊቁ የሚመጣው በመጨረሻ ነው።

ሰንሰለቱ ከተቋረጠ ምን እንደሚቀር እናውቃለን፤ የተቀዳ ድምፅ፣ የተጻፈ ጥናት፣ በግድግዳ ላይ የተሰቀለ እንጨት። ይህ ሁሉ መልካም ነው፣ ግን ማንንም አያርምም። ከሠላሳ ዓመት በኋላ አንድ የአውሮራ ልጅ የአያቱን ክራር ለመማር ቢነሣ፣ ከካሳ ተሰማ ድምፅ ጋር ብቻውን እንዳይቀር የሚያደርገው ዛሬ እዚህ የሚታረም ሰው መኖሩ ነው።

ዩኩሌሌ የያዘው የአሥር ዓመት ልጅ ለዚህ ከምናስበው በላይ ቀርቧል። በየሳምንቱ መደመጥን፣ መታረምን፣ ደግሞ መሞከርን ለምዷል። የእጁ ልማድ ይገለበጥበታል እንጂ የጆሮው ልማድ ይከተለዋል። የሚቀረው አባቱ ክራሩን ከግድግዳው አውርዶ፣ ክሮቹን አጥብቆ፣ ትዝታን ቃኝቶ፣ ሁለቱም አብረው አንድ መምህር ፊት መቀመጣቸው ነው። አባትየው በልጁ ፊት ሲታረም ማየት ለልጁ ከማንኛውም የባህል ትምህርት ይበልጣል፤ ያሬድም ቢሆን ትሏን ካየ በኋላ ወደ መምህሩ ነው የተመለሰው።